ጥሩ ንግስት ንብ የሚያወጣው ዕቃው ነው ወይስ ቀፎው? ከመስከረም በፊት እንነጋገር

ዳንግላ_ቀፎ | ዳንግላ

ሰላም ለሁላችሁ። አደይ አበባ ሊፈካ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ስለ ንግስት ማራባት የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ብናወራው ይሻላል።

አብዛኛው ጥያቄ ስለ ዕቃ ነው። እጭ ማንሻዋ የት ትገኛለች? እጯ የምትገባበት የፕላስቲኩ ኩባያ ስንት ነው? ከሰም ብሠራውስ? እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ይመስለኛል። እጯን ማን ነው የሚያሳድጋት?

ንግስቷም ሠራተኛዋም የሚወጡት ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው። እንቁላሉ በ3 ቀን ይፈለፈላል። መንገዳቸው የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው። ንግስት እንድትሆን የተፈለገችውን እጭ ሞግዚት ንቦች ከራሳቸው እጢ በሚያመነጩት ነጭ ወተት ያጥለቀልቋታል። ያለችበት የሰም ቤት እስኪታሸግ ድረስ ይህ ቀለብ አይጓደልባትም። የሠራተኛዋ ግን ከ3ኛው ቀን ወዲያ ይቀነሳል። ማርና የአበባ ብናኝም ይቀላቀልበታል።

እንግዲህ 2 ወይም 3 ቀን የሞላትን እጭ አንስታችሁ «ንግስት አድርጉልኝ» ብትሏቸው ያደርጉላችኋል። የምትወጣው ንግስት ግን እንቁላል ማፍሪያዋ ያነሰ፣ የወንድ ዘር ማጠራቀሚያ ከረጢቷም የጠበበ ነው። ከረጢቱ ቀላል ነገር አይደለም። ንግስት በወጣትነቷ በምታደርገው በረራ ያጠራቀመችው ዘር ለዕድሜ ልኳ ነው የሚሆነው። ካለቀ አለቀ። ከዚያ በኋላ ከምትጥለው እንቁላል የሚወጣው ድንጉላ፣ ማለትም ወንዱ ንብ ብቻ ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው። በተፈለፈለችበት ቀን የተወሰደች እጭና የጠገበ ቀፎ ካለ በወፍ ላባም ጥሩ ንግስት ይወጣል። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ የትኛውም ዕቃ አያወጣም። የማትስማሙ ካላችሁ በሉ እስቲ።


ወለላ | ደብረ ብርሃን

ጋሼ እናመሰግናለን። እኔ ማንሻዋን ገዝቼ አምና ሞክሬያለሁ። ካዛወርኳቸው እጮች ንቦቹ የተቀበሉት ጥቂቱን ነው። የወጡትም ንግስቶች ትንንሽ ናቸው፤ ከሠራተኛዋ ለመለየት ያስቸግራሉ። አንዷ እንቁላል ጀምራ ነበር፤ ብዙ ሳትቆይ ንቦቹ ራሳቸው በሌላ ተኳት።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እኛ አካባቢ ብዙ ሰው ጠንካራውን ቀፎ ለማር ይተውና ንግስት ለማሳደግ ደካማውን ይጠቀማል። ይሄ ያስኬዳል? ሁለተኛ፣ እጯ አንድ ቀን ይሙላት አይሙላት በዓይን እንዴት ነው የሚታወቀው?


ዳንግላ_ቀፎ

እህቴ ወለላ፣ ጥያቄሽ የጉዳዩ እምብርት ነው። ከሁለተኛው ልጀምር።

ፍሬሙን፣ ማለትም ሰሙ የሚሠራበትን የእንጨት ማዕቀፍ አውጪና ንቦቹን በላባ ቀስ አድርገሽ ጥረጊ። ፍሬሙን በኃይል አታራግፊው። ጀርባሽን ለፀሐይ ሰጥተሽ ብርሃኑ በትከሻሽ ላይ አልፎ የቤቶቹ ወለል ላይ እንዲያርፍ አድርጊ። መጀመሪያ እንቁላል ያለበትን ቦታ ፈልጊ። እንቁላሉ በቆመበት ወይም በተኛበት ዙሪያ ወለላቸው እርጥብ የሆነ፣ የሚያብረቀርቁ ቤቶች አሉ። እዚያ ውስጥ ከእንቁላሉ እምብዛም የማትበልጥ፣ ጫፍና ጫፏ ገና ጎበጥ ማለት የጀመረ ነገር ታያለሽ። እሷ ናት። በደንብ የምትታይሽ፣ ክብ ሠርታ የቤቱን ወለል የሞላችው አልፋለች፤ ተያት። ለማየት ዓይን የምታስቸግርሽን ነው የምትወስጂው።

ስታነሺ ከጀርባዋ በኩል ግቢ፤ ከነወተቷ ውሰጃት። እንዳታገላብጫት። ወደ ኩባያው ስትገባ በላይ የነበረው ጎኗ በላይ ይሁን። ፀሐይና ነፋስ አያግኛት። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበት።

አሁን ወደ መጀመሪያው። ደካማ ቀፎ ንግስት እንዲያሳድግ አይሰጠውም። ጭራሽ! የንግስት ወተት የሚያመነጩት ወጣት ንቦች ናቸው፤ ከተወለዱ 1 ሳምንት ገደማ የሆናቸው። ቀፎው ደካማ ከሆነ እነዚህ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም የራሳቸውን እጭ መቀለብ አቅቷቸዋል። እዚያ ላይ አዲስ እጭ ስትጨምሪ ጥቂቷን ይቀበሉና እሷንም ከግማሽ ሆድ ያሳድጓታል። የአንቺ ንግስቶች ማነስ ምክንያቱ ይሄ ነው የሚመስለኝ።

ስለዚህ ያለሽን ጠንካራ ቀፎ ነው የምትመርጪው። ንግስቲቱን ከሁለት ፍሬም ንብ ጋር አውጥተሽ ትንሽ ቀፎ ውስጥ አስቀምጫት፤ አትሞትም፤ ሥራው ሲያልቅ ትመለሳለች። ከሌላ ቀፎ ደግሞ ሊፈለፈል የደረሰ የታሸገ እጭ ያለበት ፍሬም ጨምሪለት። ንቡ እስኪጨናነቅ ድረስ! ከላይኛው ክፍል ያሉትን ወደ ታች አጥብቢያቸው። እጮቹ በሚገቡበት ቦታ አንድ ጎን የአበባ ብናኝ የሞላ ፍሬም፣ ሌላው ጎን ማር ይኑር። አበባ ቢኖርም እንኳ በየምሽቱ 1 እጅ ስኳር በ1 እጅ ውሃ በጥብጠሽ ስጪ። ብናኝ የሚጎድል ከመሰለሽ እናቶቻችን በበጋ የሚሰጡት ሽሮና በሶ አለ፤ በማር ለውሰሽ ፍሬሞቹ አናት ላይ አድርጊላቸው። ይበሉታል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ። ንግስታቸውን ስትወስጂባቸው ከራሳቸው እጭ ላይም የንግስት ቤት ይሠራሉ። ያደገውን እጭ ሳይቀር። እሱ ቀድሞ ይወጣና ያንቺን ሁሉ ከነቤቱ ይገድላል። ስለዚህ ሁሉንም ፍሬም አይተሽ የራሳቸውን አፍርሺ። ያዛወርሻቸውንም በ3ኛው ቀን እዪ። በ3ኛው ቀን ታሽጎ ያገኘሽው ካለ ከትልቅ እጭ የተሠራ ነው፤ እሱም ይፍረስ።


የሰቆጣው | ዋግ ኽምራ

ወንድሜ ዳንግላ፣ ነገሩ ልክ ነው። ግን እኛ ጋ ዓይኑ የደከመም፣ ማንሻ ያላየም ገበሬ አለ። ደግሞ አብዛኛው ያለው የጨፈቃ ቀፎ ነው፤ በፍሬም ፈንታ አናቱ ላይ ጣውላ የሚደረደርበት። ለእሱ እጭ በመርፌ አንሳ ማለት አይሆንም። እጭ ሳይነካ የሚሠራበት መንገድ አለና እሱን ልጨምር።

ከምርጡ ቀፎ መሃል አዲስ ሰም የተለጠፈበት ባዶ ጣውላ ታስገባለህ። ንቦቹ የሰሙን እንጀራ ይሠራሉ፤ ንግስቷም ትጥልበታለች። ከ4 ቀን በኋላ ታወጣዋለህ። የታችኛው ጠርዝ ላይ ያለው አዲስ እንጀራ በእንቁላልና ገና በተፈለፈለ እጭ የተሞላ ነው። በስለታም ቢላ እጮቹ ያሉበትን መስመር ተከትለህ ከታች ትቆርጠዋለህ፤ ጫፉ የመጋዝ ጥርስ እንዲመስል። ከዚያ ጠርዙ ላይ ካሉት ቤቶች አንዱን እየተውክ ሁለቱን በክብሪት እንጨት ታጠፋለህ። ለምን? ካልተራራቁ የንግስት ቤቶቹ ተጣብቀው ይሠሩና ስትቆርጥ አንዱን ለማውጣት ሌላውን ትጎዳለህ።

ይህን ጣውላ ንግስት ለሌለው ለተጨናነቀው ቀፎ ትሰጣለህ። ቀሪው አንተ እንዳልከው ነው። እጯ ከቦታዋ ሳትነሳ፣ ወተቷም ሳይደርቅ ነው የምታድገው። እኔ ከማንሻው ይልቅ ይሄን ነው የምመርጠው። በአንድ ጊዜ ብዙ ንግስት አይወጣም፤ ለገበሬ ግን ከበቂ በላይ ነው።

አዲሱን እንጀራ ነው ያልኩት፤ የጠቆረ አሮጌ እንጀራ ንቦቹ አፍርሰው ለንግስት ቤት ለመቀየር ያስቸግራቸዋል።


ዳንግላ_ቀፎ

ትክክል። ከ5 ወይም ከ10 በላይ ንግስት ለማይፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ወለላ፣ አንቺም ዘንድሮ በዚህ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል።


የድሮ_ቀፎ | መርሐቤቴ

ልጆቼ፣ ስትነጋገሩ አነበብኩ። እኔ በጉዶና በግንድ ቀፎ ያደግሁ ነኝ። እኛ አውራዋን፣ እናንተ ንግስት የምትሏትን፣ የምናሳድግበት ዘዴ አልነበረንም። ቀፎው ሞልቶ መንጋ ሲያወጣ ጠብቀን፣ ዛፍ ላይ ሲያርፍ አውራዋን ፈልገን ከሸምበቆ በተሠራች መያዣ አስገብተን አዲሱ ቀፎ ላይ እናስራታለን። ንቡም ጥሏት አይሄድም።

የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው። ንቡ ራሱ ፈልጎ፣ ጊዜው ደርሶ፣ ሆዱ ሞልቶ ያሳደጋት አውራ ከሁሉም ትበልጣለች። ሰው አስገድዶ ያሠራት እንደዚያች አትሆንም። በመስከረምና በጥቅምት ሊወጣ ሲል ከእንጀራው ጠርዝ የሚያንጠለጥለውን ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወፍራም ነው፣ ረጅም ነው፣ ላዩ የተጠቃጠቀ ነው። እሱን ቆርጦ መውሰድ ምን ይጎድለዋል?


ዳንግላ_ቀፎ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉት እውነት ነው። ጤነኛ ንግስት ከማሳደግ አንፃር መንጋ ሊያወጣ ያለ ቀፎ የሚሠራውን የሚያህል የለም። እጯ ከእንቁላልነቷ ጀምሮ ለንግስትነት የታሰበች ናት፤ ሞግዚቱም ሞልቷል። እኛም ንግስቷን ወስደን፣ ቀፎውን አጨናንቀን የምናደርገው ያንኑ ሁኔታ ለመፍጠር ነው።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ቤቱን የወሰድነው ቶሎ ቶሎ መንጋ ከሚያወጣ ቀፎ ከሆነ ልጆቹም የእናታቸውን ጠባይ ይዘው ይመጣሉ። ከዓመት ዓመት መንጋ ከሚያወጣው ብቻ ከወሰድን ቀፏችን ሁሉ ማር ከመሰብሰብ ይልቅ መከፋፈል የሚወድ ይሆናል። ስለዚህ እጯን እኛው ከመረጥናት እናት እንውሰድ፣ ማሳደጉን ደግሞ እርስዎ እንዳሉት ለጠገበ ቀፎ እንስጥ ነው የምለው። መንጋ ሊያወጣ ያለውን ቀፎ እንደ ሞግዚት ልንጠቀምበት እንችላለን። የራሱን ቤቶች አፍርሰን የመረጥናትን እጭ እንሰጠዋለን።


የድሮ_ቀፎ

ይህስ ገባኝ። ሞግዚትነቱ ለእሱ፣ ዘሩ ለሌላ። ይበል። እናቲቱንስ በምን ትመርጣላችሁ? ማር በሚሰጠው ከሆነ የተራራው ሥርና የሜዳው ቀፎ አንድ አይደለም።


ዳንግላ_ቀፎ

ልክ ነዎት አባቴ። አንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ቀፎ ውስጥ ያሉትን ነው እርስ በርስ የማወዳድረው። ሜዳ ላይ ያለውን ከጫካው ጋር አላወዳድርም። አንድ ዓመት ሙሉ መዝግቤ ነው የምወስነው። ቀፎው ክዳን ውስጥ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ደብተር ይጠፋል።

ማር ከማየቴ በፊት ግን የማየው መሰደዱን ነው። የእኛ ንብ ትልቁ ችግሩ ይህ ይመስለኛል። አበባ ሲነጥፍ፣ ጉንዳን ሲገባ፣ የሰም እራት ሲያስቸግረው ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። በበጋ ባዶ ቀፎ የተረፈን እኮ ብዙ ነን! በዚያ ጊዜ ቦታውን ሳይለቅ፣ እጩን ቀንሶ፣ ማሩን ቆጥቦ የከረመ ቀፎ ካለ እሱ ነው ለእኔ ወርቅ። ቀጥሎ የእንጀራውን ሙላት አያለሁ። የታሸገው እጭ ሳይቆራረጥ ከመሃል ወደ ዳር የሞላ መሆን አለበት።


ገተማ_ማር | ቦንጋ

ሁላችሁም ስለ እናትየዋ ነው የምታወሩት። አባትየውስ?

ንግስት ከቀፎዋ ወጥታ አየር ላይ ነው ከድንጉላዎች ጋር የምትገናኘው። ከአንድ አይደለም፤ ከ10 በላይ ከሚሆኑ ጋር። እጯን በደንብ አሳድጋችሁ፣ የወጣችው ንግስት ትልቅና ቆንጆ ሆና፣ አካባቢው ላይ የበሰለ ድንጉላ ከሌለ ልፋቱ ከንቱ ነው። ከረጢቷ ሰፊ ቢሆንም ግማሹ ባዶ ይቀራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ድንጉላ ከእንቁላል እስከ መውጣት 24 ቀን ገደማ ይወስድበታል። ከወጣ በኋላ ለመገናኘት ለመብሰል 2 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ንግስት ግን በ15 ወይም በ16 ቀን ትወጣለች፤ ከወጣች ሳምንት ሳይሞላት መብረር ትጀምራለች። ስለዚህ ድንጉላው ቀድሞ መጀመር አለበት። የእኔ ሕግ፦ የታሸገ የድንጉላ ቤት በቀፎዎቼ ካላየሁ የንግስት ሥራ አልጀምርም።

እኛ አካባቢ የገተማው ዛፍ ሲያብብ በቂ ነው። ንቡ ይሞላል፣ ድንጉላውም ይበዛል። ችግራችን ዝናቡ ነው። ንግስት ለመብረር ሞቅ ያለና ጸጥ ያለ ከሰዓት በኋላ ትፈልጋለች። ሳምንት ሙሉ ሲዘንብ ቁጭ ትላለች። 3 ወይም 4 ሳምንት ካለፋት ከነጭራሹ ሳትገናኝ ትቀራለች። ንብ በል ወፍ ደግሞ አለ። ንግስት ከበረራ ሳትመለስ ስትቀር ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ወፎቹ መንጋ ሆነው በሚያልፉበት ሰሞን የንግስት ቀፎዎቼን ወደ ዛፍ ሥር ጥላ አስጠጋቸዋለሁ።

ሌላም አለ። ሁሉንም ንግስት ከአንዲት እናት ብቻ አታውጡ። ድንጉላዎቹም ከዚያችው ቤት ከሆኑ ዘሩ ይጠባል። ዘር ሲጠብ እንቁላሉ የሚፈለፈለው ለከንቱ ይሆናል። ሠራተኛ መሆን የነበረበት ድንጉላ ሆኖ ይወጣና ንቦቹ ገና እጭ እያለ ይበሉታል። እንጀራው ላይ የተቆራረጠ፣ ቀዳዳ የበዛበት እጭ ስታዩ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ሦስት አራት እናት ይኑራችሁ።


ዳንግላ_ቀፎ

ይህ ከእኔ ጽሑፍ የጎደለ ነው፤ በጣም አመሰግናለሁ። ድንጉላ የሚያበዛ ቀፎ ሲያዩ «ማር በላ» ብለው ድንጉላ ያለበትን እንጀራ ቆርጠው የሚጥሉ አሉ። ከመረጣችሁት ቀፎ ላይ እባካችሁ አትንኩት። የጎረቤት ንግስት ሳይቀር የሚያሻሽል ዘር ነው።


ቀይ_አፈር | አምቦ አካባቢ

እኔ የምጠይቀው ስለ ቁጣ ነው። የእኛ ሰፈር ሰው «ቁጡ ንብ ነው ማር የሚሰጠው» ይላል። ለስላሳውን ከመረጥን ማሩ አይቀንስም?


የሰቆጣው

ወንድሜ፣ ጠንካራ ቀፎ ብዙ ንብ አለው፤ ብዙ ንብ ደግሞ ብዙ ይናደፋል፣ ብዙም ማር ይሰበስባል። ሰው ሁለቱን ያገናኛቸው በዚህ ይመስለኛል። እኩል ጥንካሬ ያላቸውን ሁለት ቀፎ አወዳድር። አንዱ ጭስ ሳያይ ይረጋጋል፣ ሌላው በሩን ገና ሳትነካው በሰውና በከብት ላይ ይወጣል። ማሩ ተመሳሳይ ከሆነ ለምን ቁጡውን ታራባለህ? ግቢ ውስጥ ልጆች አሉ፣ በሬ ታስሮ ያድራል። ንቡ ከቤት ርቆ የሚኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሲርቅ ደግሞ ክትትል ያጣል።


ሜሪላንድ_ንብ | ሜሪላንድ፣ አሜሪካ

ሰላም ወገኖቼ። እዚህ ጓሮዬ ውስጥ ጥቂት ቀፎዎች አሉኝ። በዚህ አገር ንግስት በፖስታ ነው የምትመጣው! በትንሽ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሳጥን፣ ከጥቂት አጃቢ ንቦች ጋር፣ የሚበሉት የስኳር ሊጥ ተደርጎላት። ጀርባዋ ላይ የዓመቱ ቀለም ይቀባል። ዓመቱ በ1 ወይም በ6 ካለቀ ነጭ፣ በ2 ወይም በ7 ቢጫ፣ በ3 ወይም በ8 ቀይ፣ በ4 ወይም በ9 አረንጓዴ፣ በ5 ወይም በ0 ሰማያዊ። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቀለሙን አይተህ ዕድሜዋን ታውቃለህ፤ ተተክታ ከሆነም ወዲያው ይገባሃል። ይሄን እናንተም ብትጀምሩት ጥሩ ነው። የጥፍር ቀለም ይበቃል፤ ጭንቅላቷና ክንፏ እንዳይነካ ብቻ።

እዚህ ያለችው የጣሊያን ዘር ንግስት ለስላሳ ናት፣ ቀፎ ጥላ የመሄድ ጠባይዋም እንደ እኛዎቹ አይደለም። አገር ቤት ስመጣ ጥቂት ይዤ ብመጣስ እያልኩ አስባለሁ። ምን ትላላችሁ?


ዳንግላ_ቀፎ

ወንድሜ፣ አሳብህ ከቅንነት መሆኑ ይገባኛል። የቀለሙንም ነገር ወድጄዋለሁ። ንግስት ይዞ መምጣቱን ግን እባክህ ተወው። ያለፈቃድ ሕያው ንብ ድንበር ማሻገር አይፈቀድም። ከዚያም በላይ ከንግስቷ ጋር የሚመጣው በሽታና ጥገኛ ተባይ ነው የሚያስፈራኝ። እነዚያ አጃቢ ንቦች ምን እንደያዙ በዓይን አታየውም።

ዘሩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ ምርት እናሻሽላለን ብለው ከአፍሪካ ንግስቶች ወሰዱ። በዓመቱ ከነመንጎቻቸው አመለጡ። ከዚያ ወዲህ ማቆም አልተቻለም፤ ዘሩ ከአገር አገር እየተሻገረ በ1990 ቴክሳስ ደረሰ። ንብ አጥር የለውም። አንዴ ከተለቀቀ መመለሻ የለም።

የእኛ ንብ ደግሞ ከዚሁ አገር ጋር የኖረ ነው። የደጋው ውርጩን፣ የቆላው ሙቀቱን ለምዷል። ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. «ሲሜንሲስ» ብለው የኢትዮጵያን ንብ ራሱን እንደቻለ ንዑስ ዝርያ ገልጸውታል። ከዚያ በፊትም ከባሌ ደጋ እስከ ጋምቤላ ቆላ ድረስ ያሉትን በአምስት የከፈሏቸው አሉ። ስለ ስያሜው ይከራከራሉ፤ ልዩነቱ ግን እንዳለ እኛም በዓይናችን እናየዋለን። ከቆላ የተገዛ ንብ ደጋ ሲወጣ ይቸገራል። እዚሁ ካለን ውስጥ የማይሰደደውንና የተረጋጋውን መርጠን ብናራባ ብዙ ርቀት እንሄዳለን። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከልም ለዚህ የሚሆን ሥልጠናና ምክር አለው፤ ጠይቁ።


ሜሪላንድ_ንብ

ተቀብያለሁ። ስመጣ ንግስት ሳይሆን የዓይን ማጉያ መነጽርና ማንሻዎች ይዤ እመጣለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።


ቀይ_አፈር

ንብ ከመንገድ ዳር ለሚገዛ ሰውስ? እኛ የምንገዛው ንግስቷ ምን ያህል እንዳረጀች ሳናውቅ ነው።


ገተማ_ማር

ግዛ፤ ግን የገዛኸው ንቡን ነው ብለህ አስብ። ንግስቷን በዚያው ዓመት ከመረጥካት እናት በወጣች ወጣት ንግስት ቀይራት። አሮጌዋን ካወጣህ በኋላ አዲሷን በቀጥታ አትልቀቃት፤ ከበው ይገድሏታል። ትንሽ ሳጥን ውስጥ አስገብተህ፣ መውጫዋን በደቀቀ ስኳርና ማር በተለወሰ ጠንካራ ሊጥ ድፈነው። ንቦቹ ሊጡን በልተው እስኪያወጧት ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። እስከዚያ ሽታዋን ይለምዱታል። ከሊጡ በፊት የራሳቸውን የንግስት ቤት ሠርተው እንደሆነ እይ፤ ካለ አፍርስ፤ አለበለዚያ አይቀበሏትም።


ወለላ

ሁሉንም አንብቤ ወስኛለሁ። ዘንድሮ ጠንካራውን ቀፎ ነው የማደርገው፤ ያውም በሰቆጣው ዘዴ። ጋሼ፣ ቀኑን ቆጥረው ይስጡኝ እንጂ። ደብረ ብርሃን ብርዳም መሆኑንም እያሰቡ።


ዳንግላ_ቀፎ

እሺ እህቴ። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ለእናቲቱም ለሞግዚቱም ቀፎ ስኳር ብጥብጥ ስጪ። መስከረም 10 ላይ ክፈቺና የታሸገ የድንጉላ ቤት መኖሩን እዪ። ከሌለ ሳምንት ቆዪ። ካለ በዚያው ቀን አዲሱን ሰም እናቲቱ ቀፎ መሃል አስገቢ። መስከረም 13 ማታ የሞግዚቱን ቀፎ ንግስት አውጪ። መስከረም 14 እንጀራውን ቆርጠሽ ስጪው። መስከረም 17 ቀድሞ የታሸገ ካለ አፍርሺ፤ የራሳቸውንም አብረሽ አጥፊ።

መስከረም 23 ቤቶቹን ቆርጠሽ ወደ ትንንሽ ቀፎዎች ታዛውሪያለሽ። ከዚህ አታሳልፊው፤ የእኛ ንብ ከፈረንጁ ትንሽ ቀደም ብሎ ስለሚወጣ አንዷ ቀድማ ከወጣች ሌሎቹን ትጨርሳቸዋለች። ስትቆርጪ ከላይ ሰፋ አድርገሽ ከነእንጀራው ውሰጂ። ጥሩው ቤት እንደ ኦቾሎኒ ልጣጭ የተጠቃጠቀና ረዘም ያለ ነው። አጭሩንና ለስላሳውን ተዪው። ጫፉን ወደ ታች እንዳደረግሽ ያዢ፤ አታጋድሚው፣ አታናውጪው። ጠዋት በብርድ አትሥሪ። አንቺ ጋ ረፋድ ላይ ፀሐይ ከጠነከረ በኋላ ይሁን፤ በሞቀ ጨርቅ ሸፍነሽ ውሰጃቸው።

እያንዳንዱ ትንሽ ቀፎ ሁለት ሦስት ፍሬም ንብ፣ የታሸገ እጭና ማር ይኑረው። በብርድ አገር ንቡን አታሳንሺ። በሮቻቸውን ወደተለያየ አቅጣጫ አዙሪ፤ ፊታቸው ላይም የተለያየ ምልክት አድርጊ። ንግስት ከበረራ ስትመለስ የሰው ቤት ከገባች ትገደላለች።

ከዚያ እጅሽን ሰብስቢ። ከመስከረም 26 በኋላ አትክፈቺያቸው፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው አትቁሚ። ጥቅምት 12 አካባቢ ክፈቺ። በየቤቱ አንድ እንቁላል፣ ወለሉ መሃል ላይ ካየሽ ተገናኝታ ተመልሳለች ማለት ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት እንቁላል ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ካየሽ ግን ንግስት የለችም፤ የምትጥለው ሠራተኛ ናት። እሱን ቀፎ ከሌላው ጋር አዋህጂው።


ወለላ

ጻፍኩት። ጥቅምት ላይ የእንጀራውን ፎቶ እዚሁ እለጥፋለሁ።


የድሮ_ቀፎ

እኔም የልጅ ልጄን ይዤ እሞክረዋለሁ። ከግንዱ ቀፎ እንጀራ ቆርጬ ለዘመናዊው ብሰጠው ይቀበለዋል?


የሰቆጣው

ይቀበለዋል አባቴ። ቁራሹን ከጣውላው ሥር በቀለጠ ሰም ያጣብቁት ወይም በቃጫ ይሰሩት። ከቆረጡት እስኪያስገቡት ግን አይዘግዩ፤ እጯ ከደረቀች አያነሷትም።